ጠቅ ጠቅ የሚል ሃርድ ዲስክ፦ «ፎርማት ሲደረግ ይለቃል» ከተባሉ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል የነጋዴዎችን ሂሳብ እሠራለሁ። ዴስክቶፔ ላይ ያለው ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው። የ11 ደንበኞች ፒችትሪ (የሂሳብ መሥሪያ ፕሮግራም) ፋይል፣ ስካን የተደረጉ ደረሰኞችና የልጆቼ ፎቶ ሁሉ እዚያው ላይ ነው፤ በጠቅላላው 380 ጊጋ ይሆናል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመነሳት 8 ደቂቃ ይፈጅበታል። ፎልደር ስከፍት አረንጓዴው መስመር መሃል ላይ ይቆማል። አልፎ አልፎ ከውስጡ ጠቅ ጠቅ ይላል። ትናንት ሲነሳ ዲስኩን እየመረመርኩ ነው፣ እየጠገንኩ ነው ብሎ 12 በመቶ ላይ ቀረ፤ ሲያቅተኝ ነቀልኩት። አንድ ሠራተኛ ባድ ሴክተር ነው፣ ፎርማት ሲደረግ ይለቃል አለኝ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ቢጫ ሆኖ 05 ላይ 28፣ ሲ5 ላይ ቢ8፣ ሲ7 ላይ ዜሮ ይታያል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ኮምፒውተሩ አሁን በርቶ ከሆነ ያጥፉትና ይህን በስልክዎ ያንብቡ። ፎርማት አያድርጉ፤ ዊንዶውስም እንዲጠግነው አይፍቀዱ። ዲስክዎ ዛሬም ያነባል፣ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ምን ያህል እንደሚያነብ አይታወቅም። የቀረችውን አቅም ማዋል ያለብዎት ፋይልዎን ለማውጣት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን አንድ ጊዜ ማስነሳት በሺህ የሚቆጠሩ የዊንዶውስ ፋይሎችን ማንበብና መጻፍ ስለሆነ፣ «እስቲ ዛሬ ምን ይላል» ብሎ ማብራቱ ራሱ ከዚያችው አቅም ይበላል።

መጀመሪያ ያዩትን ቁጥር እንፍታው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን የሚያሳይ ፕሮግራም ነው፤ 05፣ ሲ5፣ ሲ7 የሚሉት የየመስመሩ መለያ ናቸው። ሲከፈት ቁጥሩን የሚጽፈው በለመድነው አሥር ቤት ሳይሆን በአሥራ ስድስት ቤት (ሄክሳዴሲማል) ነው፤ ከቁጥሩ ጋር ፊደል የሚቀላቀለው ለዚህ ነው። ፈንክሽን ከሚለው ሜኑ አድቫንስድ ፊቸር፣ ቀጥሎ ሮው ቫልዩስ ገብተው አሥር ቤት (10 [DEC]) የሚለውን ቢመርጡ በለመዱት ቁጥር ያሳይዎታል። የእርስዎ 28 ማለት 40 ነው፤ ቢ8 ደግሞ 184።

ሴክተር መረጃ የሚጻፍባት የዲስኩ ትንሽ ክፍል ናት። 05 ላይ ያለው 40 የሞቱና በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች ናቸው። ማንኛውም ሃርድ ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ መጠባበቂያ ሴክተሮች ይዞ ይወጣል፤ አንዱ ሲበላሽ ጸጥ ብሎ በሌላ ይተካዋል። 40 ብቻውን ቢሆንና ለወራት ባይንቀሳቀስ ያን ያህል ባላስፈራዎት ነበር። የሚያሳስበው ሲ5 ነው። 184ቱ ዲስኩ ሊያነባቸው ሞክሮ ያቃተውና ገና ያልተካቸው ሴክተሮች ናቸው። ያልተካቸውም ውስጣቸው የእርስዎ ፋይል ስላለ ነው፤ ሳያነበው ወደየት ይውሰደው? በመጠን ሲታይ እያንዳንዱ 512 ባይት ቢባል ሁሉም ተደምሮ 92 ኪሎባይት ብቻ ነው። ግን ይህችው 92 ኪሎባይት አንድ ፎቶ ላይ ብታርፍ አንድ ፎቶ ትጠፋለች፣ የአንድ ደንበኛ ፒችትሪ ፋይል ላይ ብታርፍ የዓመቱ ሂሳብ አልከፍትም ይላል።

ሲ7 ዜሮ መሆኑ ጥሩ መረጃ ነው። እሱ የሚቆጥረው በኬብሉ ላይ የተበላሸ ዝውውርን ነው። ሲ7 ከፍ ብሎ ሲ5 ዜሮ ቢሆን ኖሮ «የሳታ ኬብሉን (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን) ይቀይሩ» ብዬ በጨረስኩ ነበር። የእርስዎ ግን ተቃራኒው ነው፤ ችግሩ ከዲስኩ ከራሱ ነው። 01 እና 07 ላይ ግዙፍ ቁጥር ካዩ፣ በተለይ ዲስኩ ሲጌት ከሆነ፣ አይደንግጡ፤ ሲጌት እዚያ ላይ የሚጽፈው ጥፋትንና ጠቅላላ ሥራን አንድ ላይ አደባልቆ ነው።

የመዘግየቱ ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። ዲስኩ አንድ ሴክተር ሲያቅተው እንዳላነበበው ወዲያው አይናገርም፤ ደጋግሞ ይሞክራል። አንዳንዴ ሴኮንዶች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ዊንዶውስ ደግሞ መልሱን ይጠብቃል። ያ አረንጓዴ መስመር የሚቆመው ያኔ ነው። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ የማንበቢያው ጭንቅላት ቦታውን ስቶ ወደ መነሻው ሲመለስና እንደገና ሲሞክር የሚሰማ ነው። አልፎ አልፎ ከሆነ ጊዜ አለዎት። ሳያቋርጥ ከሆነ፣ ወይም ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚመስል ድምፅ ከተሰማ፣ በዚያው ቅጽበት ኤሌክትሪኩን ያቋርጡ። ጭንቅላቱ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ ጋር ያለው ርቀት በናኖሜትር የሚለካ ስለሆነ፣ አንዴ ከነካው በየዙሩ እየፋቀ ነው የሚሄደው፤ የዴስክቶፕ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 7,200 ዙር ይዞራል።

ወደ ሠራተኛው ምክር ልመለስ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳበት እዚህ ላይ ነውና። «ፎርማት ሲደረግ ይለቃል» መባሉ ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ሙሉ ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውስ በዲስኩ ላይ ሁሉ ዜሮ ይጽፋል። ያ ማንበብ ያቃተው ሴክተር ሲጻፍበት ዲስኩ «እንግዲህ ውስጡ ያለው አይፈለግም» ብሎ ወይ እንደገና ይጠቀምበታል፣ ወይ በመጠባበቂያ ይተካዋል። ሲ5 ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩም ለጥቂት ሳምንት ፈጠን ይላል። ቁጥሩ የጠፋው ግን ከፋይልዎ ጋር ነው፤ ሰሌዳውን ወይም ጭንቅላቱን የጎዳው ነገርም እዚያው እንዳለ ነው። ፈጣኑ ፎርማት ደግሞ ማውጫውን (የፋይሎቹን ዝርዝር) ብቻ ስለሚሠርዝ ባድ ሴክተሩን እንኳ አይነካውም።

ትናንት 12 በመቶ ላይ የቀረው የዊንዶውስ ጥገናም ከዚህ አይሻልም። ቼክ ዲስክ የተሠራው መብራት ጠፍቶ የተዘበራረቀን ማውጫ ለማስተካከል እንጂ በሞት አፋፍ ላይ ያለን ዲስክ ለማከም አይደለም። ማንበብ ያቃተውን የማውጫ ክፍል እንደ ስህተት ቆጥሮ ይቆርጠዋል፣ በቦታው አዲስ ይጽፋል፤ ስምና ፎልደር የነበራቸው ፋይሎች ፋውንድ 000 በሚባል ፎልደር ውስጥ ስም አልባ ቁርጥራጭ ሆነው የሚገኙትም በዚህ ነው። ከነቀሉት አንድ ቀን ሆኖታል፤ መልሰው ካላስነሱት አብዛኛው እንዳለ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ማውጣቱ። ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልግዎ፦ ጤነኛ ሌላ ኮምፒውተር፣ ባለ 2 ቴራባይት አዲስ ዲስክና ሁለት ፍላሽ። ዲስኩን ከዴስክቶፑ አውጥተው በሌላው ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ አድርገው ይስኩት፤ ከእሱ ላይ ዊንዶውስ እንዳይነሳ። ዴስክቶፕ ካገኙ በቀጥታ በሳታ ኬብልና በፓወር ሰፕላዩ ይሁን። በዩኤስቢ መሰኪያ ከሆነ መሰኪያው የራሱ 12 ቮልት አዳፕተር ያለው መሆን አለበት፣ ባለ 3.5 ኢንቹ ዲስክ በዩኤስቢ ኤሌክትሪክ ብቻ አይነሳምና። ትንሹ ኤክስተርናል ዲስክ ያለው አንባቢም እዚህ ላይ ልብ ይበል፦ ከኬዙ ፊት ለፊት ባለው ዩኤስቢ ላይ በረጅም ወይም በደከመ ኬብል ሲሰካ ጤነኛው ዲስክም ኤሌክትሪክ አንሶት ጠቅ ጠቅ ይላል። ተበላሸ ከማለት በፊት በአጭር ኬብል ከኋላ ባለው መሰኪያ ይሞከር።

እንደተሰካ ዊንዶውስ «ይህን ዲስክ መጠቀም ከፈለጉ ፎርማት ያድርጉ» ወይም «ይመርመርና ይጠገን» ሊልዎት ይችላል። ሁለቱንም እምቢ ይበሉ።

ኮፒ ሲያደርጉ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። 380 ጊጋውን በአንድ ላይ መርጠው አይጎትቱት፤ ዊንዶውስ ገና ሲጀምር ሁሉንም ለመቁጠር ዲስኩን ያስሮጠዋል፣ ከዚያ የመጀመሪያው የተበላሸ ፊልም ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፒችትሪን ያስቀድሙ፤ የሚያወጡትን በጤነኛው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡት፣ ባለ 2 ቴራው ለሙሉ ቅጂው ባዶውን ይቆይ። የአንድ ድርጅት ሂሳብ በአንድ ፋይል ሳይሆን በብዙ ትናንሽ ፋይሎች ተከፋፍሎ የሚቀመጥ ስለሆነ የየደንበኛውን ፎልደር ሙሉውን ይውሰዱ፤ አንዱ ቢጎድል ሌላው ብቻውን አይከፈትም። 11ዱም ተደምረው ከጥቂት ጊጋ አይበልጡምና በደቂቃዎች ሊያልቁ ይችላሉ። ቀጥለው የራስዎ የኤክሴልና የዎርድ ሥራዎች፣ ከዚያ የልጆችዎ ፎቶ፣ ከዚያ ደረሰኞቹ። የወረደ ፊልምና የፕሮግራም መጫኛ የመጨረሻ ነው፣ ቢቀርም ይቅር። ኮፒ ይበሉ እንጂ ከት አይበሉ፤ ከት ማለት ከታመመው ዲስክ ላይ መሠረዝ፣ ማለትም መጻፍ ነው።

አንድ ፋይል ላይ ሲቆምብዎት ያን ፋይል ዘለው ይቀጥሉ። ከትዕዛዝ መስኮት ጋር የሚተዋወቅ ሰው አጠገብዎ ካለ ሮቦኮፒ ይጠቀም፤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ግን አንድ ነገር ሳያስተካክል እንዳይጀምር፦ ሮቦኮፒ ካልነገሩት በስተቀር አንድ ያቃተውን ፋይል 1,000,000 ጊዜ፣ በየመሃሉ 30 ሴኮንድ እያረፈ ይሞክራል። ለታመመ ዲስክ ይህ ሞት ነው። የመሞከሪያው ቁጥርም የማረፊያው ጊዜም 0 ይደረግ። ሚረር የምትባለውን ምርጫ ፈጽሞ እንዳይነካ፤ እሷ ምንጩ ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ላይ ትሠርዛለች።

ፒችትሪው ከወጣ በኋላ ለቀረው የተሻለው መንገድ ዲስኩን በሙሉ መቅዳት ነው። ዲዲሬስኪዩ የሚባል ነጻ የሊኑክስ ፕሮግራም አለ፤ ሲስተም ሬስኪዩ የሚባለውን ሊኑክስ በፍላሽ ላይ ጭነው ኮምፒውተሩን ከዚያ ሲያስነሱ አብሮ ይመጣል። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፦ በመጀመሪያው ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይጠርጋል፣ ያስቸገረውን እየዘለለ በካርታ ፋይል ላይ ይመዘግባል፤ ወደ አስቸጋሪው የሚመለሰው ብዙው ከዳነ በኋላ ነው። ካርታው ከሁለቱ ዲስኮች ውጭ፣ በሁለተኛው ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። መብራት ቢጠፋ ወይም ዲስኩን ቢያሳርፉት ካቆመበት የሚቀጥለው በዚያ ካርታ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ያለ ድግግሞሽ፣ ሁለተኛውን በ3 ድግግሞሽ ያስኬዱ። አደጋው አንድ ነው፤ ምንጩንና መድረሻውን ማምታታት። ባዶውን በሙሉው ላይ ከገለበጡት ማንም አይመልስልዎትም። ባለ 2 ቴራ ይግዙ ያልኩትም በከፊል ለዚህ ነው፣ 1 ቴራና 2 ቴራ በመጠን ስለሚለዩ ማን ማን እንደሆነ በዓይን ይታያል። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ጥገና፣ ቼክ ዲስክም ቢሆን፣ በቅጂው ላይ ይሞከር።

ጤነኛ ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢሰጥ 380 ጊጋ በአንድ ሰዓት ከምናምን ያልቃል። የእርስዎ አንድ ሌሊት ቢፈጅ አይገረሙ፤ ሁለት ቀንም ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ሙቀቱን ይጠብቁ። ድሬ ላይ በሰኔ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ያለች ክፍል ምን እንደምትመስል እርስዎ ያውቁታል። ብዙው ሃርድ ዲስክ እስከ 60 ዲግሪ ይሠራል ቢባልም ለታመመው ከ45 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ 50 ከደረሰ አጥፍተው ያሳርፉት። ዲስኩን በጠፍጣፋ ነገር ላይ አጋድመው፣ ሳያንቀሳቅሱ፣ የጠረጴዛ ማራገቢያ ከጎኑ ያድርጉለት፣ ሥራውንም ማታ ወይም ጎህ ሲቀድ ይጀምሩ። ፍሪዘር ውስጥ ይግባ የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይስሙት፤ ከፍሪዘር ወደ ድሬ አየር ሲወጣ ውስጡ ላብ ይይዛል፣ ጤዛ የነካው ሰሌዳ ላይ ጭንቅላቱ ይጣበቃል። በእጅ መምታት፣ ክዳኑን መክፈት፣ ሌላ ዲስክ ላይ የነበረ ሰርኪት ቦርድ ማዛወር ሁሉ እንዲሁ ነው። በዛሬ ዲስኮች ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ቺፕ ለዚያው ዲስክ ብቻ የተለካ መረጃ ስለምትይዝ ቦርድ ብቻ መቀየር አያስነሳውም።

ማቆም ያለብዎት መቼ ነው? ሲ5 በአንድ ቀን ከ184 ወደ ሺህ ሲዘል፣ ዲስኩ ከዝርዝሩ እየጠፋ ሲመጣ፣ ድምፁ የማያቋርጥ ሲሆን። ያኔ ጉዳዩ የሶፍትዌር አይደለም፤ ጭንቅላት የሚቀይር፣ ከአቧራ የጸዳ ክፍል ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። የሚሰጡትን ሰው ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ «ከመጀመርህ በፊት ትቀዳዋለህ?» እና «ብትከፍተው የት ነው የምትከፍተው?» ለመጀመሪያው «አያስፈልግም» ካለ ወይም ለሁለተኛው የሥራ ጠረጴዛውን ካሳየዎት ዲስክዎን ይዘው ይመለሱ።

ቅጂው አለቀ ብለው አሮጌውን ወዲያው አይጣሉት። የእያንዳንዱን ደንበኛ ፒችትሪ በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው የመጨረሻውን ወር ሪፖርት ያውጡ፤ ፎቶዎቹን በትንሹ ሳይሆን ሙሉ አድርገው ይክፈቱ፣ የተበላሸ ፎቶ ትንሿ ምስሉ ደህና መስሎ ሲከፈት ግማሹ ግራጫ ይሆናልና። አሮጌው ዲስክ ጥቂት ወር መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። በኋላም ለማንም አይሸጥ፣ የ11 ነጋዴዎች ምስጢር በውስጡ አለ።

አዲሱን ሲገዙ፦ ለዊንዶውስና ለፒችትሪ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሰሌዳ የሌለው ዲስክ)፣ ለባክአፕ ሃርድ ዲስክ። በኤስኤስዲ አይዘናጉ፤ እሱ ጠቅ ጠቅ አይልም፣ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። አንድ ቀን ማታ አጥፍተውት ጠዋት ኮምፒውተሩ ጨርሶ አያየውም። ከመሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ ባክአፕም አይሁን። የተጠቃሚ ኤስኤስዲ መለኪያ፣ የመጻፍ ዕድሜው ሲያልቅ፣ ያለ ኤሌክትሪክ በ30 ዲግሪ 1 ዓመት መረጃ መያዝ ነው፤ ሙቀቱ ሲጨምር ጊዜው ያጥራል፣ እርስዎ ያሉት ደግሞ ድሬ ነው። ከየትኛውም ሱቅ ይሁን፣ ከድሬው ታይዋን ገበያም ይሁን ከሌላ፣ «አዲስ» የተባለውን ሃርድ ዲስክ ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ያሳዩኝ ይበሉ። 09 የሠራባቸውን ሰዓታት ይቆጥራል፤ አዲስ ዲስክ ላይ ዜሮ ወይም ጥቂት መሆን አለበት። 20,000 ካለ ሌላ ቦታ ከሁለት ዓመት በላይ ሌት ተቀን ሲሠራ የኖረ ነው። በረከሰ ዋጋ የሚሸጥ ባለ 2 ቴራ ፍላሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውስጡ 32 ወይም 64 ጊጋ ብቻ ሆኖ ቁጥሩ የተጭበረበረ ነው። ኮፒ ሲያደርጉ ሁሉም የገባ ይመስላል፣ ሲከፍቱት ባዶ ነው። ኤችቱ ቴስት ደብልዩ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል።

መብራቱን በተመለከተ፣ ስታቢላይዘር ብቻውን አይበቃም፤ ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ ሲጠፋ አይይዝልዎትም። አንዲት 650 ቪኤ ዩፒኤስ ለአንድ ዴስክቶፕ ጥቂት ደቂቃ ትሰጣለች፤ ፒችትሪን ዘግቶ ለማጥፋት ይበቃል። ባትሪዋ በሙቀት ቶሎ ይሞታል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግምት በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከግድግዳው ሥር ጥላ ቦታ ትቀመጥ፤ በየጥቂት ወሩም ሶኬቱን ነቅለው ስንት ደቂቃ እንደምትይዝ ይለኩ።

ባክአፑን ቀላል ያድርጉት፣ ከባድ የሆነ ነገር በሐምሌ የግብር ግርግር ውስጥ ማንም አይሠራውም። ማታ ሥራ ሲጨርሱ ከፒችትሪ ፋይል ከሚለው ሜኑ ባክአፕ ብለው፣ ቀኑን በስሙ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ። ትናንት በተጻፈው ላይ አይድረቡ፤ የተበላሸው ሂሳብ ደህናውን እንዳይሸፍነው ቢያንስ የ10 ቀን ይኑርዎት። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ይኑርዎት፤ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ ቤት፣ በየሳምንቱ ይቀያየሩ። ሁለቱም አንድ ላይ ተሰክተው አያድሩ፣ ቫይረስም ሆነ የመብራት ጉልበት የተሰካውን ሁሉ ነው የሚያገኘው። ፒችትሪው ትንሽ ስለሆነ ጉግል ድራይቭ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋ ይበቃዋል። ቴሌግራም ላይ ለራስዎ መላክም ይረዳል፤ ፎቶውን ግን በፋይል መልክ ይላኩ፣ በፎቶ መልክ ከላኩት ይጨመቃል። ሲም ካርድዎ ከተዘጋ መግባት ስለሚያስቸግር ብቸኛ ማስቀመጫዎ አይሁን።

አዲሱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 ከሆነ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚያመሰጥረው የዊንዶውስ መከላከያ) ሳያውቁት በርቶ ሊሆን ይችላል። ባለ 48 አኃዙን የመክፈቻ ቁልፍ ዛሬውኑ በወረቀት ጽፈው ቤት ያስቀምጡ፤ ያለ እሱ ጤነኛውን ዲስክ እንኳ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ አይቻልም።

ፒችትሪውን አውጥተው ሲጨርሱ ወደ ሙሉ ቅጂው ከመግባትዎ በፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን አንድ ጊዜ ይክፈቱና የ05ን፣ የሲ5ንና የሲ6ን (ጨርሶ ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮችን) ቁጥር ከሙቀቱ ጋር ይጻፉልኝ። ሲ5 እዚያው 184 አካባቢ ከቆመ በዲዲሬስኪዩ ይቀጥሉ፤ ከጨመረ ዲስኩን ነቅለው መልሴን ይጠብቁ።